ዲስኩ ነበረ፣ ፋይሉ ግን አልነበረም

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ የተማሪ ጥናት እጠርዛለሁ። የሠርግ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ካሜራዬን ይዤ እወጣለሁ። ሥራውን የጀመርኩት በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሳያስበው የብዙ ሰው አደራ ጠባቂ ይሆናል። «አምና የጻፍሽልኝ ደብዳቤ አለ?» ብሎ የሚመጣ አይጠፋም። የእድራችን የአባላት መዝገብ እኔ ጋ ነበር። የሙሽሮች ፎቶ እኔ ጋ ነበር። የአባቴ ድምፅም እኔ ጋ ነበር።

አባቴ በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡ የቆሎ ተማሪነታቸውን ያጫውቱናል። ያባረራቸውን ውሻ፣ ቁራሽ የሰጠቻቸውን ባልቴት፣ መምህራቸው ፊት የተንቀጠቀጡበትን ቀን። ደስ ሲላቸው እዚያው ቁጭ ብለው አዲስ ቅኔ ይቀኛሉ። ቀጥለው ሰሙንና ወርቁን ይፈቱልናል። እኔ በስልኬ እቀዳለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ 40 ቅጂ ደርሶ ነበር።

ይህን የምጽፈው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለኝ ብዬ በሙሉ ልቤ እያመንኩ ስለተራቆትኩ ነው። ባክአፕ የሌለው ሰው እንደሌለው ያውቃል፤ ይጠነቀቃል። እኔ አላውቅም ነበር። የሱቁ ኮምፒውተር ላይ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሁልጊዜ ተሰክቶ ይውላል፤ ማታ ማታ የዕለቱን ሥራ እገለብጥበታለሁ። መሳቢያ ውስጥ ትልቅ ፍላሽ አለኝ። ስልኬ ላይ ጉግል ፎቶስ በርቷል። ከዚህ በላይ ምን አደርጋለሁ ብዬ ተኝቼ አድር ነበር።

ሰኔ 2014 ዓ.ም. ነው። የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ ከሰዓት ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነጎድጓዱ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል። አንድ ደንበኛ ፊት ለፊቴ ቆሞ ፕሪንት እየጠበቀ ነበር። መብረቁ ቅርብ ወደቀ። መብራቱ ድርግም አለ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልተነሳም። ፓወር ሰፕላዩ ነዷል። ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክም ጭጭ ብሏል።

«ግድ የለም፣ ባክአፑ አለ» አልኩ። ኤክስተርናሉን ነቅዬ የጎረቤቴ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ። ዲስኩ ይሽከረከራል ግን አይከፍትም። ለካ መብረቁ በአንድ ገመድ ሁለቱንም አግኝቷቸዋል። ባክአፕ ያልኩት ነገር ከዋናው ጋር አንድ ሶኬት ላይ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሌባ ቢገባም፣ እሳት ቢነሳም፣ ጣሪያው ቢያፈስም አብሮ የሚሄድ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋውን ስህተት የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዲስኩን እየነቀልኩ ሰካሁት። ገመድ ቀየርኩ። ሦስት ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩ። አንድ ጊዜማ ትንሽ ፎልደር አሳየኝና በደስታ አለቀስኩ፤ ወዲያው ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ባሕር ዳር ወሰድኩት። ባለሙያው ጆሮውን አስጠግቶ ጥቂት ሰማና ቶሎ ነቀለው። «እህቴ፣ መጀመሪያ ቀጭ ሲል ብትተዪው ኖሮ የተሻለ ነገር እናገኝ ነበር» አለኝ።

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። የሚያነበው ጭንቅላት ሳህኑን አይነካም፤ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ላይ ተንሳፎ ነው የሚሠራው። ጭንቅላቱ ከተጎዳ ግን በበራ ቁጥር ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። የተፋቀው ቦታ ላይ የነበረው ፋይል አይመለስም። ስለዚህ ዲስካችሁ ያልለመዳችሁትን ድምፅ ካሰማ እባካችሁ ንቀሉት። አትመታቱት፣ አታወዛውዙት፣ «አንዴ ልሞክር» አትበሉ። ያው ዲስክ ሌላ ዕድል ላይሰጣችሁ ይችላል።

ባለሙያው ከሳምንት በኋላ የቻለውን አወጣልኝ። ፋይሎቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው የማን እንደሆነ አንድ በአንድ መክፈት ነበረብኝ። ብዙዎቹ ፎቶዎች ከላይ ሙሽራ፣ ከወገብ በታች ግራጫ ናቸው። ድምፅ ከተባለ ደግሞ የቆየ መዝሙር ነው እንጂ የአባቴ አልነበረም።

በመሀል ፍላሹን አስታወስኩ። «1 ቴራባይት» የሚል ተጽፎበታል። ከመንገድ ላይ በርካሽ ነው የገዛሁት፤ ያን ጊዜ እንደ ዕድል ቆጥሬው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የሠርግ ፎቶዎቹን በሙሉ ገልብጬበታለሁ፣ የአባቴንም የመጀመሪያ ቅጂዎች። ሰካሁት። ስሞቹ ሁሉ ተደርድረዋል! ልቤ መለስ አለ። አንዱን ስከፍት እምቢ አለ። ሌላውን፣ እምቢ። ከመቶው ሦስት አራቱ ብቻ ተከፈቱ።

እንዲህ ዓይነት ፍላሽ ገበያ ላይ ሞልቷል። ውስጡ ያለው ትክክለኛ ቦታ 16 ወይም 32 ጊጋባይት ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን 1 ቴራ ነኝ ብሎ እንዲናገር ተደርጎ ነው የሚሸጠው። ስትገለብጡ «ተጠናቀቀ» ይላል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የተረፈውን ወይ ይጥለዋል ወይ በቀደመው ላይ ይጽፍበታል። የፋይሉ ስም ይታያል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ፍላሽም ሆነ ሜሞሪ ካርድ ስትገዙ፣ ምንም ሳታስቀምጡበት በፊት ጢም አድርጋችሁ ሙሉትና መልሳችሁ ክፈቱት። ይህንኑ በራሱ የሚሠራ ኤች-ቱ-ቴስት-ደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሰዓታት ይወስዳል። ለሊቱን ተዉት፣ ጠዋት ውጤቱን ታያላችሁ።

የቀረኝ ስልኬ ነበር። የአባቴን ድምፅ ወደ ሱቁ ኮምፒውተር ገልብጬ ከጨረስኩ በኋላ፣ ስልኩ ስለሞላብኝ ከስልኩ ላይ ሰርዤዋለሁ። ግን ጉግል ፎቶስ በርቶ ስለነበር እዚያ ይኖራል ብዬ አምኛለሁ። ከፍቼ ፈለግኩ። የለም። ጥፋቱ የእኔው አለማወቅ ነው። ጉግል ፎቶስ ስሙ እንደሚለው ፎቶና ቪዲዮ ነው የሚያስቀምጠው፤ የድምፅ ቅጂ አያነሳም። አንድም ቀን ገብቼ «እስቲ የአባባ ድምፅ የት አለ?» ብዬ አላየሁም ነበር።

ፎቶዎቹም ቢሆኑ ከአምስት ወር ወዲህ ያሉት አልነበሩም። ባክአፑ በዋይፋይ ብቻ እንዲሠራ ነበር የተቀመጠው። እኔ ዋይፋይ የለኝም፣ በዳታ ነው የምጠቀመው። አንድ ጊዜ የዘመድ ቤት ዋይፋይ ባገኝ ያን ዕለት ሠርቷል፣ ከዚያ ወዲህ «ዋይፋይ እየጠበቅኩ ነው» ብሎ ቁጭ ብሏል።

እስቲ ስልካችሁን አሁን አውጡ። ጉግል ፎቶስን ከፍታችሁ ከላይ በቀኝ ያለውን የራሳችሁን ምስል ንኩት። «ባክአፕ ተጠናቋል» ይላል ወይስ እየጠበቀ ነው? ነጻው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ይህም ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር የጋራ ነው። ከሞላ ባክአፑ ይቆማል፣ ማሳሰቢያውን ደግሞ ብዙዎቻችን ሳናነብ እናልፈዋለን። ሌላም አለ። በቴሌግራምና በዋትሳፕ የመጡላችሁ ፎቶዎች ሌላ ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ ፎልደሩን ራሳችሁ ካላበራችሁት ባክአፕ አይደረግም። እዚያው ጉግል ፎቶስ ውስጥ ሆናችሁ ፎቶ ብትሰርዙ ደግሞ ከስልኩም ከክላውዱም (በኢንተርኔት ካለው ማስቀመጫ) ነው የሚሄደው። ባክአፕ የተደረገ ፎቶ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የለም።

ለአባቴ መንገር ከበደኝ። «አባባ፣ የቀዳሁዎት ሁሉ ጠፋ» አልኳቸው። ዝም ብለው እሳቱን ቆሰቆሱ። «ድገሙልኝና እንደገና ልቅዳ» ብላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ቅኔ አይደገምም። ያኔ የተቀኘሁት ለያኔ ነው። ብደግመውም እንዳለ አይመጣልኝ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሙሽሮቹም መንገር ነበረብኝ። በዚያ ዓመት ካነሳኋቸው የሁለት ጥንዶች ፎቶ ገና አልተረከቡም ነበር። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ገንዘባቸውን መለስኩ። አንዷ ሙሽራ ገንዘቡን አልቀበልም አለች። «እናቴን እኮ እዚያ ላይ ነበር ያነሳሻት» አለችኝ። እናቷ ከሠርጉ በኋላ አርፈዋል። ከዚያ ወዲህ የደንበኛ ፎቶ ሌላ ዲስክ ላይ ሳልገለብጥ አንዲት ሌሊት አላድርም። የእድሩን መዝገብ ያዳነን ገንዘብ ያዣችን በእስክሪብቶ የያዙት ደብተር ነው። ከዚያ ላይ ሁለት ሳምንት ተቀምጬ እንደገና ተየብኩት።

የመለሰልኝ ነገር ካልጠበቅኩት ቦታ መጣ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። አባባን ሲናፍቅ «ድምፃቸውን ላኪልኝ» ይለኝ ነበርና አልፎ አልፎ በቴሌግራም ልኬለታለሁ። የቴሌግራም ተራ ንግግር በስልኩ ብቻ ሳይሆን በድርጅቱ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ስለሚቀመጥ ወደ ኋላ እየሄደ ፈለገልኝ። 12 ቅጂ ተገኘ። ከ40ው 12። የአባባን ድምፅ ባክአፕ ብዬ ካስቀመጥኩት አንዱ ሳይተርፍ፣ በናፍቆት የተላከው ተረፈ። የተረፈበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። ሌላ ከተማ ነበር፣ ሌላ ሰው እጅ ነበር፣ ያ ሰው ደግሞ እየከፈተ ይሰማው ነበር።

ቆይቶ ሳነብ ይህ ነገር ሕግ እንዳለው አወቅኩ። 3-2-1 ይሉታል። ያስፋፋው ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነው። የአንድ ፋይል ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ሌላ ቦታ ይሁን። እኔ ለራሴ ኑሮ እንዲመች አድርጌ ሰፋሁት።

ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። አንዱ እኔ ጋ፣ ሌላው ቡሬ እህቴ ቤት ነው። ወር በገባ በ12 እህቴ ቤት የሚካኤል ማኅበር አለን። የእኔን ይዤ እሄዳለሁ፣ ያኛውን ይዤ እመለሳለሁ። ቀኑን በስልክ ማስታወሻ ብይዘው ኖሮ በሁለተኛው ወር የምተወው ይመስለኛል። ማኅበሩ ግን አይቀርም፣ እኔም አልቀርም። እናንተም ባክአፑን ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት። የእቁብ ቀን ሊሆን ይችላል፣ ደመወዝ የሚወጣበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ሱቅ ያለው ዲስክ የሚሰካው ስገለብጥ ብቻ ነው። ጨርሼ እነቅለዋለሁ። መብረቁ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። የደንበኛ ፍላሽ ቀኑን ሙሉ ይሰካብናል። ሌላ ከተማ ያለች የሙያ ጓደኛዬ ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር ከኢንተርኔት አውርዳ ጫነች፤ በማግስቱ የፋይሎቿ ስም በሙሉ ጅራት አብቅሏል፣ አንዱም አይከፈትም፣ ገንዘብ ክፈዪ የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። ተሰክቶ የነበረው የባክአፕ ዲስኳም አብሮ ተቆልፏል። ያልተሰካ ዲስክን እንዲህ ያለ ቫይረስ አያገኘውም። ስገለብጥም በአሮጌው ላይ አልጽፍም። ለየወሩ አዲስ ፎልደር እከፍታለሁ። የተበላሸ ፋይል ሳላውቅ ብገለብጥ ያለፈው ወር ጤነኛው አለ።

በነገራችን ላይ ፍላሽ ስትሰኩ ፋይሎቻችሁ ጠፍተው አንድ ሾርትከት ብቻ ካያችሁ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው እንጂ አልጠፉም። ብዙ ሰው ፎርማት አድርጎት እያለቀሰ ወደ እኔ ይመጣል። ፎርማት ሳታደርጉ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። በስህተት የሰረዛችሁት ነገር ካለም እዚያው ላይ ሌላ ነገር አትጻፉበት፤ የሚመለሰውንም ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።

ሦስተኛው ቅጂ ጉግል ድራይቭ ላይ ነው። ሁሉንም አልጭንበትም፣ ዳታው አይቻልም። የማይተካውን ብቻ መርጫለሁ፤ የአባባን ድምፅ፣ የእድሩን መዝገብ፣ የቤተሰቡን ሰነድ። ድምፅ ትንሽ ነው የሚይዘው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተቀዳ አንድ ሰዓት 60 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። 15 ጊጋባይቱ ከ200 ሰዓት በላይ ይይዛል። በማታ ጥቅል እጭናለሁ።

ክላውድ ብቻውን እንደማይበቃም አይቻለሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ድራይቩ ላይ ያለው አልጠፋም፤ ግን ላገኘው አልቻልኩም፣ አዲስም መጫን አልቻልኩም። በእነዚያ ወራት መንገዱ ሲፈቅድ ቡሬ የምትደርሰው ዲስክ ናት ሥራዬን ያስቀጠለችው። ዲስክ ብቻ ቢኖረኝም ቤት ቢቃጠል እጨነቅ ነበር። ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

የጉግል አካውንት ስልካችሁ ከጠፋ ሊቆለፍባችሁ ይችላል። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ስታበሩ ባለ 8 አሃዝ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣችኋል። አትሙና አስቀምጡ። የእኔ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ነው። የወላጆቻችሁ ፎቶ ያለበት አካውንት ካለም አልፎ አልፎ ክፈቱት፤ ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንትን ጉግል ሊሰርዘው ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። በየወሩ ቡሬ ስደርስ፣ ጠበሉ ቀምሶ ሰዉ ሲበተን፣ ያመጣሁትን ዲስክ የእህቴ ባል ላፕቶፕ ላይ እሰካዋለሁ። አምስት ፋይል ዓይኔን ጨፍኜ እመርጣለሁ። አንድ ሠርግ፣ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ የአባባ ድምፅ፣ ሌላም። ስማቸውን አይቼ አልተዋቸውም፣ እከፍታቸዋለሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን። የራሴ ኮምፒውተር ላይ አልሞክርም፣ ምክንያቱም የእኔ ኮምፒውተር በሌለበት ቀን ነው የሚያስፈልገኝ።

የመጀመሪያው ሙከራ ራሱ አዳነኝ። የድሮ ደብዳቤዎችን ስከፍት አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቁ ወጣ። ፋይሉ ደኅና ነው። ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሠራር) ባልሆነው በድሮው የግዕዝ ፎንት ነበር የተጻፈው፣ ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ፎንቱ የለም። በአገራችን ስንት መዝገብ፣ ስንት የማኅበር ደንብ በዚያ ፎንት ተጽፎ እንደተቀመጠ አስቡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎንቶቹን ራሳቸውን ዲስኩ ላይ አስቀምጣለሁ፣ አስፈላጊውን ሰነድ ሁሉ ደግሞ በፒዲኤፍ አባዛለሁ።

አባባ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ሱቅ ይመጣሉ። በር ላይ ወንበር አወጣላቸዋለሁ፣ ሻይ አስመጣለሁ። የጠፉትን አንጠይቃቸውም። የመጣላቸውን ይቀኛሉ፣ ሰሙንና ወርቁን ይፈታሉ፣ እኔ እቀዳለሁ። ከወንበሩ ሳይነሱ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባዋለሁ፣ ዲስኩን ሰክቼ ገልብጬ እነቅላለሁ፣ ለወንድሜ እልክለታለሁ። ከዚያ መልሼ ከፍቼ አሰማቸዋለሁ። ጆሯቸውን አዘንብለው እስከ ጫፉ ይሰሙና «ደኅና ነው፣ አለ» ይሉኛል። ከ12ቱ ተነስተን ባለፈው ቅዳሜ 35 ሞላን።